ለተቆፈረው ጉድጓድ ወይስ ለቆመው ዛፍ? ከሁምቦ ታሪክ የምንማረው



ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ አንዱ «መሬት ከልሎ የአገር ዛፍ ላበቀለ ሰው ገንዘብ ይከፈላል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ?» የሚለው ነው። አዎ፣ እውነት ነው። እዚሁ ወላይታ ውስጥ ተከፍሏል። ግን ገንዘቡ በምን ተቆጥሮ እንደተከፈለ ካላወቅን ታሪኩን ግማሹን ብቻ ነው የሰማነው። ስለዚህ ዛሬ ማዳበሪያውን ለሌላ ቀን እናቆየውና ትንሽ ወደኋላ እንመለስ።

ታላላቆቻችን እንደሚያስታውሱት በደርግ ዘመን በብዙ የአገራችን ክፍል እርከን የሚሠራውና ችግኝ የሚተከለው በምግብ ለሥራ ነበር። ሰው አንድ ቀን ሠርቶ 3 ኪሎ እህልና ጥቂት ዘይት ይሰፈርለታል። ያ እህል የተራበ ቤት አድኗል፣ ይሄ አይካድም። ታዲያ የሚቆጠረው ምን ነበር? የተሠራው ቀንና የተቆፈረው ጉድጓድ። ችግኙ በበጋ ደረቀም ጸደቀም ሠራተኛው የተሰፈረለትን ይዞ ሄዷል። ዛፉም «የመንግሥት ነው» ይባል ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ምን ሆነ? በብዙ ቦታ ደኑ በአጭር ጊዜ ተጨፈጨፈ፣ እርከኑም ፈረሰ። ሰው የእኔ ነው ያላለውን ነገር ማን ይጠብቅለታል?

አሁን ወደ ሁምቦ እንምጣ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ የምታዩት ተራራ በከሰል፣ በማገዶና በልቅ ግጦሽ ተራቁቶ ነበር። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሕዝብና ከመንግሥት ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር ማስከለል ጀመረ። በመጀመሪያ ሕዝቡ ጠርጥሯል። «ከልለው መሬታችንን ሊወስዱብን ነው» ተባለ። ስጋቱ የተቃለለው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብቱ በሕግ ለእነሱ ሲሆን ነው።

ሥራውም እንደ ድሮው በችግኝ ብዛት የሚለካ አልነበረም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት የለማው ከመሬት በታች በሕይወት ከነበረው ጉቶ ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ከብት እንዳይገባ ይከለከላል፤ ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ጥቂት ጠንካራ ቀንበጦች ይመረጡና ሌላው ይቆረጣል፤ የጎን ቅርንጫፍ እየተመለመለ ዛፉ ወደ ላይ እንዲያድግ ይደረጋል። ሥሩ የቆየ ስለሆነ ውኃ አጠጡኝ አይልም። ጉቶ በሌለበት ቦታ ደግሞ ከችግኝ ጣቢያ የወጣ ችግኝ ተተከለ። ግራርን ጨምሮ ሰባት ዓይነት የአገር ዛፎች ተመለሱ።

በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ። በአፍሪካ በዚህ ደረጃ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነው። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ፤ ከዚህም ለማኅበራቱ ከ726,000 ዶላር በላይ ይገኛል ተብሎ ታሰበ። ልብ በሉ፣ እዚህ የቆፈርከው ጉድጓድ አይቆጠርም። ባለሙያ መጥቶ የቆመውን ዛፍ ይለካል፣ ክፍያው በልኬቱ ነው። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ 73,000 ቶን ተረጋግጦ ወረቀቱ ወጣ።

እስቲ አብረን እናስላ። 726,000 ዶላር ለ2,728 ሄክታር፣ በአሥር ዓመት ሲከፈል ለአንድ ሄክታር በዓመት 27 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ገንዘብ ማንም አይከብርም! ታዲያ ሰው ለምን ጠበቀው? ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ሣሩ ስለመጣ ነው። ከተከለለው ቦታ ሣር አጭዶ ለከብቱ ማቅረብ ቻለ፣ ከምልመላው ደረቅ ማገዶ አገኘ፣ ጎርፉም ቀነሰ። የካርቦኑ ገንዘብ ደግሞ እንደ ወፍጮና የእህል መጋዘን ላሉ የጋራ ነገሮች ዋለ። ነገር ግን ክልከላው ዋጋ ነበረው። በከሰልና በማገዶ ሽያጭ የሚያድር ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይጎዳል። እሱን ያላሰበ ክልከላ አጥሩ በሌሊት ይፈርሳል።

ይሄ የገጠር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ላስ ቬጋስ የምትባል የበረሃ ከተማ አለች። የውኃ ባለሥልጣኗ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የግቢውን ሣር ነቅሎ ድርቅ የሚችል ተክል ለሚተክል ሰው በስፋቱ ልክ ይከፍላል። ከአንድ ካሬ ሜትር ሣር በዓመት ከ2,000 ሊትር በላይ ውኃ ይተርፋል፤ በእኛ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ100 ጀሪካን በላይ ማለት ነው። እነሱም ቢሆኑ ሣሩ ሳይነቀል አይተው፣ ተክሉ ከተተከለ በኋላ ተመልሰው መርምረው ነው የሚከፍሉት።

በሶዶ ከተማ ግቢያችሁን ሰርዶ አልብሳችሁ በበጋ በቧንቧ ውኃ ለምታጠጡ ለእናንተም እዚህ ትምህርት አለ። የሚከፍላችሁ ባይኖርም ከሰርዶው ግማሹን ለእንሰት፣ ለዋንዛና ለደሾ ሣር ብትለቁት ውኃው ይተርፋል፣ ጥላውና መኖው ደግሞ ትርፍ ነው። ደሾ የራሳችን አገር ሣር ነው፤ አንዴ ሥር ከያዘ ብዙ አያስቸግርም።

እንግዲህ ነገ አንድ ድርጅት «እንከፍላችኋለን» ብሎ ቀበሌያችሁ ቢመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ።

1. የመጠቀም መብቱ በማን ስም ነው? በወረቀት ይታይ።
2. ክፍያው የሚቆጠረው በምን ነው? በሠራነው ቀን ወይስ በቆመው ዛፍ? የሚለካውስ ማን ነው?
3. ገንዘቡ ቢዘገይ ወይም ቢቀር፣ ከመሬቱ የምናገኘው ጥቅም ምንድን ነው?

ለሦስተኛው መልስ ከሌለ አትቸኩሉ። ገንዘቡ አንድ ቀን ያልቃል፣ ውሉም ጊዜው ያበቃል። የዚያን ቀን ዛፉን የሚያቆመው ባለቤቱ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ በየቀበሌያችሁ ያለውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አነጋግሩ። መልካም የሥራ ጊዜ!