ያልተቋጨ ጋቢ



የዛሬው ንባባችን፦ ኢሳይያስ 38፤ 1ኛ ዜና መዋዕል 22 እና 28፤ ዕብራውያን 11፥39-40

«ጉዳዩ ተቋጨ» እንላለን። ቃሉ ከየት እንደ መጣ ግን ብዙዎቻችን አናስብም። ጋቢ ወይም ነጠላ ከሸማኔ እጅ ሲወጣ በሁለቱ ጫፎች ላይ ድሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያንን ክር በጣት እየገመዱ ማሰር መቋጨት ይባላል። ያልተቋጨ ጋቢም ይለበሳል፤ ነገር ግን ከዳሩ እየተተረተረ ይሄዳል። ሥራን ስለ መጨረስ የምንናገርበትን ቃል ያገኘነው ከዚህ ነው።

እኛ በላምበረት የምናገለግል ለቅሶ ቤት እንውላለን። እናት ካረፉ በኋላ ልጆች ዕቃቸውን ሲያነሡ ብዙ ጊዜ ከአልጋ ሥር ወይም ከሣጥን ውስጥ የታሰረ ፈትል ይገኛል፤ ልቃቂት በልቃቂት ላይ፣ አንዳንዴም ገና ያልተፈተለ ባዘቶ አብሮ። አንዱ ለልጅ ሠርግ፣ አንዱ ለልጅ ልጅ መታቀፊያ ታስቦ የተጀመረ ነው። ሠርጉ አልፏል፣ ሕፃኑም አድጓል፣ ጋቢው ግን አልተሠራም። ልጆችም ይጠይቃሉ፦ «ይህን ምን እናድርገው?» ጥያቄው የክር ብቻ አይመስለኝም። ሰው ጀምሮ ሳይጨርስ የሚሄደው ነገር በእግዚአብሔር ፊት ምን ይሆናል? ታሪካችን በዚህ ላይ የሚያስተምረን አለ።

ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ

ጥጥ በአገራችን አሮጌ ታሪክ አለው። በ4ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ፣ ካጠፋው የጠላት ንብረት መካከል የእህልና የጥጥ ክምችት ተጠቅሷል። ይህ ጽሑፍ ንጉሡ ድሉን ለሰማይ ጌታ የሰጠበት በመሆኑ፣ ከቀደሙት አማልክት መመለሱን ያሳያል ተብሎ የሚጠቀስ ነው።

የጋቢ ሥራ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ አልቆ አያውቅም። ጥጡ በብረት ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ነበር። ፈታይዋ ሁለት ዓይነት ክር ታዘጋጃለች፦ ጠንከር ብሎ የተገመደ ድር፣ ለስለስ ያለ ማግ። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ከሌላው የቤት ሥራ ጋር ወራት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ልቃቂቷን ይዛ ወደ ሸማኔ ትሄዳለች። ድሩን የሚያደራውና መወርወሪያውን የሚወረውረው በተለምዶ ወንድ ነው። እንግዲህ ከጥንትም ቢሆን ማንም ፈታይ ጋቢዋን ብቻዋን አልጨረሰችም። ሥራዋ የሌላ ሰው እጅ እንዲቀበለው ሆኖ የተጀመረ ነው።

ሥራውን የተቀበለውን እጅ ግን ማኅበረሰባችን አላከበረም። በጎንደር ብዙ ሸማኔዎች ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የዶርዜ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ሽሮ ሜዳ በእነርሱ ሥራ ታወቀ። የከተማው ሰው የሠሩትን ጋቢ እየለበሰ ሠሪውን ይሰድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደረሱ። ጅምራችንን የሚጨርስልንን ሰው መናቅ አሮጌ በሽታችን ነው።

በኋላ ፋብሪካ መጣ። የድሬዳዋው፣ የአቃቂው፣ በ1953 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው የባሕር ዳሩም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክርን አረከሱት። የእጅ ፈትል ግን አልጠፋም። ዛሬ ብዙ ጋቢ የሚሠራው ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሆኖ ነው። ይህም ለእነዚያ ልጆች ጥያቄ መልስ ይሆናል። እናት የተዉት ፈትል ለሙሉ ጋቢ ባይበቃ፣ ድር ከገበያ ተገዝቶ የእናት ማግ ይገባበታል። የጎደለው ተሞልቶ የተጀመረው ይለበሳል። አንድ ፈትል ለሁለት ወንድማማቾች ጋቢ የማይበቃ ሲሆንም፣ ነጠላ ተሠርቶ ለታላቂቱ እኅት የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ባሕር ማዶም እንዲሁ ነው

በአሜሪካ ሴቶች ዘንድ ኩዊልት የሚባል የአልጋ ልብስ አለ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ ላዩ ይሰፋል፤ ከዚያ ላዩ፣ የመሐሉ ጥጥና የታችኛው ጨርቅ ሦስቱ አብረው ይሰፋሉ። ላዩን መስፋት ደስ ስለሚያሰኝ ብዙዎች ይጀምሩታል፤ ማያያዙ አድካሚ ስለሆነ ብዙው ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ ጎረቤታሞች በአንድ ቤት ተሰብስበው፣ የአንዷን ጅምር በትልቅ የእንጨት ፍሬም ላይ ወጥረው በጋራ ይጨርሱላታል፤ እኛ ደቦ እንደምንለው ነው። የሟች አያትን ጅምር የልጅ ልጅ የሚጨርስበት ልማድም አለ። በሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ያሉ እናቶች ደግሞ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እንዲህ እየተሰበሰቡ ሰፍተው፣ ለማያውቋቸው ስደተኞችና ችግረኞች በዓለም ዙሪያ ይልካሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የእኛ አባባል እነርሱም ቤት ይሠራል።

በካይሮ የተፈተለ ፈትል

በእጃችን ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ታሪኩ እንዲሁ ነው። አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በካይሮ ታሞ ሳለ፣ አሰለን ደ ሸርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው አስታመመው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በሳምንት ሁለት ቀን እየተገናኙ ለዐሥር ዓመት ያህል ሠሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስም በሙሉ ወደ አማርኛ ተተረጎመ። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ነበር። አቡ ሩሚ ግን በ1819 እ.ኤ.አ. በወረርሽኝ ሞተ፤ ከጻፈው አንዲት ገጽ እንኳ ታትማ አላየም።

ፈትሉ ታስሮ ቀረ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዊልያም ጆወት የሚባል ሚስዮናዊ ጽሑፉን ለእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ቶማስ ፔል ፕላት የሚባል ምሁር አረመው። ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተመ። መነኩሴው ከሞተ 21 ዓመት አልፎ ነበር። በኋላም ሌሎች አረሙት፣ ሌሎች እንደ ገና ተረጎሙት፤ የምናውቀው የ1954ቱ እትም እስኪደርስ ድረስ ብዙ እጅ አለፈበት። አንዱ ፈተለ፣ አንዱ ገዛ፣ አንዱ ሠራ፣ አንዱ ቋጨ። የለበስነው እኛ ነን።

የሕዝቅያስና የዳዊት ልዩነት

ሕዝቅያስ ሊሞት በነበረ ጊዜ ሕይወቱን ሸማኔ ከመሥሪያው እንደሚቆርጠው ጨርቅ አየ (ኢሳ. 38፥12)። የጀመረው ተሐድሶ መሐል ላይ ነበርና አለቀሰ። እግዚአብሔርም ሰማው፣ 15 ዓመት ጨመረለት። ብዙዎቻችንም ጸሎታችን ይህ ነው፦ «ጌታ ሆይ፣ እስክጨርስ ዕድሜ ስጠኝ»። ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን እናንብብ። በተጨመረለት ጊዜ ለባቢሎን መልእክተኞች የግምጃ ቤቱን ሀብት አሳየ። ልጁ ምናሴ በ12 ዓመቱ ነገሠ፤ ይህ ማለት የተወለደው በተጨመረው ዘመን ውስጥ ነው። ያ ልጅም አባቱ ያፈረሰውን የጣዖት መሠዊያ መልሶ ሠራ (2ኛ ነገ. 21፥1-3)። እንግዲህ ሥራን የሚያስጨርሰው ዕድሜ ብቻ አይደለም።

ዳዊት ደግሞ ቤተ መቅደሱን ለመሥራት ተመኘ፣ አልተፈቀደለትም። እርሱ ግን በልቅሶ አልተቀመጠም። ወርቁን፣ ብሩን፣ ብረቱን፣ ዝግባውን አዘጋጀ፤ ንድፉን ለሰሎሞን ሰጠው፤ ባለ ሙያዎቹን አሳየው፤ አለቆቹም ልጁን እንዲያግዙ አዘዘ። ዳዊት ድርና ማጉን ለይቶ፣ ሸማኔውን ጠርቶ፣ የማን እንደ ሆነ ነግሮ አስረከበ። ሕዝቅያስ ጊዜ ተቀበለ፤ ዳዊት ተተኪ አዘጋጀ። የቤተ መቅደሱ በር የተከፈተው በዳዊት መንገድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ጅምር ሁሉ መጨረስ አለበት ማለት አይደለም። ጌታ ወጪውን ሳይቆጥር ግንብ ስለ ጀመረ ሰው ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28-30)። ለታይታ ወይም ለፉክክር የጀመርነውን መተው ንስሐ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ታላላቆቻችን፣ የጀመራችሁትን አገልግሎት ከአልጋ ሥር አታስሩት። ለማን እንደሆነ ስም ጠርታችሁ ንገሩ። የምትጸልዩለትን ሰው ስም፣ የምትረዱትን ቤተሰብ፣ የምታስተምሩትን ልጅ በሕይወት ሳላችሁ ለሌላ እጅ አሳዩ።

ታናናሾች፣ የወረሳችሁትን አትናቁ። በደርግ ዘመን በየቤቱ በር ዘግተው የጸለዩ እናቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ዛሬ በግልጽ የምናመልክበትን ቀን ሳያዩ አረፉ። የእነርሱን ማግ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ድሩ የዘመናችሁ ይሁን፣ ማጉ ግን የእነርሱ እንደሆነ እወቁ። የዕብራውያን ጸሐፊም የቀደሙት ያለ እኛ ፍጹማን እንዳይሆኑ እግዚአብሔር እንዳሰበ ይነግረናል።

ገና ወደ ጌታ ያልመጣችሁ ወዳጆች ደግሞ ይህን ስሙ። ሕይወታችሁ በጅምር የተሞላ፣ ከዳሩ የሚተረተር መስሎ ከታያችሁ፣ ራሳችሁን ቋጭታችሁ እንድትመጡ አልተጠየቃችሁም። ጌታችን ወደ መስቀል ሲሄድ የለበሰው ስፌት የሌለው፣ ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሠራ ልብስ ነበር (ዮሐ. 19፥23)። ያንን ልብስ ወታደሮች ወሰዱት፤ እርሱ ግን በዚያው ሰዓት የመዳናችንን ሥራ ምንም ሳያጎድል ፈጸመ። እንደ ጅምር ወደ እርሱ የመጣውን እርሱ ይጨርሰዋል (ፊል. 1፥6)።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ሳይጨርሱ ያረፉትን እናቶቻችንን ስለ ሰጠኸን እናመሰግንሃለን። የተዉልንን ለመቀበል ትሕትና፣ የጀመርነውን ለማስረከብ ልበ ሰፊነት ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።