ዝምታን ወደ ገንዘብ የለወጠ ንግድ

ገበያ ማለት ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ስፍራ ነው። ገዢው እህሉን በእጁ ዘግኖ ያያል፤ ጋቢውን ዘርግቶ በፀሐይ ይመለከታል፤ ማሩን በጣቱ ይቀምሳል። በዋጋው ይከራከራል፤ ካልተስማማውም ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ጀርባን ሰጥቶ መሄድ አልፈልግም ማለት ነውና ሌላ ቃል አያስፈልገውም። በርቀት የሚደረገው ንግድ ከመጣ ወዲህ ግን ይህ ነገር ተገለበጠ። ዛሬ በኢንተርኔት በሚካሄደው ንግድ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እሺ ስላለ ሳይሆን እምቢ ሳይል ስለ ቀረ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ በታሪክ መንገድ መመርመር፥ ስልክ ከእጃችን ለማይለየን ተማሪዎችም ሆነ ለወላጆቻችን የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ያነበብሁትን በአጭሩ አቀርባለሁ። ካላመለከትሁ በቀር ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1872 አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ በቺካጎ ከተማ አንድ ወረቀት አሳተመ። በወረቀቱ ላይ የነበረው የዕቃ ዝርዝርና ዋጋ ብቻ ነው። ገበሬው ከዝርዝሩ መርጦ በፖስታ ያዝዛል፤ ዕቃውም በባቡር ይመጣለታል። በዚያን ጊዜ የገጠሩ ሕዝብ በአቅራቢያው ካለው ባለሱቅ በቀር ሌላ የሚገዛበት ስላልነበረው የተጠየቀውን ይከፍል ነበርና ይህ አዲስ ዘዴ እንደ ትልቅ ነፃነት ተቈጠረ። ነገር ግን ያላዩትን ዕቃ መግዛት ያስፈራል። ዋርድ ይህን ፍርሃት ስለ ተረዳ፥ ዕቃው ያላስደሰተው ሰው ገንዘቡ እንደሚመለስለት በ1875 ቃል ገባ። ገዢው በእጁ ዳስሶ ያገኘው የነበረውን እርግጠኝነት ነጋዴው በቃሉ ተካለት ማለት ነው።

ቃሉን የማይጠብቀውም ብዙ ነበር። እዚያው በ1872 የአሜሪካ ምክር ቤት ፖስታን ለማጭበርበር መጠቀም ወንጀል እንዲሆን የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ የሐሰት ሎተሪና ይህን የመሰለ ማታለያ በፖስታ ተስፋፍቶ ስለ ነበር ነው። አንዳንዱ ማታለያ ዛሬ ሲሰሙት ያስቃል። የጆርጅ ዋሺንግተንን መልክ የያዘ፥ በብረት ተቀርጾ የታተመ ውብ ሥዕል በአንድ ዶላር ይሸጣል የሚል ማስታወቂያ አይቶ ገንዘቡን ለላከ ሰው፥ የዋሺንግተን መልክ ያለበት አንድ የፖስታ ቴምብር ይደርሰው ነበር ይባላል። የድንች ተባይን ያለ ጥርጥር የሚገድል መሣሪያ ላዘዘ ገበሬም ሁለት ቍራጭ እንጨት ይላክለት ነበር አሉ፤ ተባዩን በአንዱ ላይ አስቀምጦ በሌላው መጨፍለቅ ነው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ በሁለቱም ማስታወቂያ ውስጥ ተራ ውሸት የለም። የጐደለውን ገዢው ራሱ በምኞቱ ሞላው። የጠፋውም አንድ ዶላር ስለሆነ ለእርሷ ብሎ ሩቅ ከተማ ድረስ ሄዶ የሚካሰስ አልነበረም። አጭበርባሪው የሚኖረው በዚህች ስሌት ነው፤ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት መውሰድ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። አንድ አጎት የወንድሙን ልጅ ፈረስ ለመግዛት ፈለገና በዋጋው ሳይግባቡ ቀሩ። አጎትየውም መልስ ካላገኘሁ ፈረሱ በ30 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ የእኔ ሆነ ብዬ እቈጥረዋለሁ የሚል ደብዳቤ ላከ። ልጁ መልስ አልሰጠም። ሐራጅ የሚያካሂደው ሰው ግን ፈረሱን በስሕተት ለሌላ ሸጠው፤ አጎት ከሰሰው። ፍርድ ቤቱ በ1862 ሲፈርድ፥ ዝም ያለ ሰው እንደ ተስማማ አይቈጠርም፥ ማንም ሰው ሌላውን በዝምታው ውል ሊያስገባው አይችልም አለ። ይህ ጕዳይ የሕግ ተማሪዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ለእኔ የሚገርመኝ ፍርዱ ግልጽ ሆኖ ሳለ፥ ነጋዴዎች ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የአጎትየውን ደብዳቤ በሌላ በሌላ መልክ ሲጽፉት መኖራቸው ነው።

ከእነዚህ መልኮች ሁሉ ዋናው በ1926 ታየ። በዚያ ዓመት ሃሪ ሸርማን ከባልደረቦቹ ጋር በኒው ዮርክ የወሩ መጽሐፍ ክበብ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ዐዋቂዎች መጽሐፍ ይመርጣሉ፤ አባሉም በፖስታ ይደርሰዋል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ መጻሕፍት መሸጫ በሌለበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ እንደ በረከት የሚቈጠር ነበር፤ ማጭበርበርም አልነበረበትም። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ሥራውን የመሠረተበት ዘዴ ከመጽሐፎቹ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ። ዘዴው ይህ ነው፤ በየወሩ ለአባሉ ማስታወቂያና አንድ ካርድ ይላክለታል፤ መጽሐፉን የማይፈልግ ከሆነ ካርዱን ሞልቶ በቀኑ ይመልሳል፤ ካልመለሰ ግን መጽሐፉ ከነሒሳቡ ቤቱ ይመጣል። የሰው ጠባይ ደግሞ የታወቀ ነው። ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፥ ጋዜጣ ይደረብበታል፥ ነገ እልከዋለሁ ሲባል ቀኑ ያልፋል። በ1955 ኮሎምቢያ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ይህንኑ ዘዴ ለሸክላ አዋለው። ለሚገቡት ነፃ ወይም በጣም ርካሽ ሸክላ ይሰጣቸዋል፤ የገባ ሰው ግን በዓመት ውስጥ ሌላ ሸክላ በሙሉ ዋጋ የመግዛት ግዴታ አለበት። ዛሬ በየስልኩ የምናየው የነፃ ሙከራ አያቱ ይህ ነው።

ከዚህም የባሰ ጭራሹኑ ሳይታዘዝ ዕቃ ልኮ ዋጋውን የሚጠይቅ ነጋዴ ተነሣ። ይህን የአሜሪካ ሕግ በ1970 ዘጋው፤ ያላዘዘው ዕቃ በፖስታ የመጣለት ሰው እንደ ስጦታ ሊቈጥረው ይችላል። እንግሊዞችም በ1971 ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ስለ ክበቦቹ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1973 ደንብ አወጣ፤ ግዴታው በማስታወቂያው ላይ በግልጽ እንዲጻፍ፥ አባሉም እምቢ የሚልበት ቢያንስ 10 ቀን እንዲሰጠው አዘዘ። ዘዴውን ግን አልከለከለውም።

እዚህ ላይ ኢንተርኔት መጣ። በነሐሴ ወር 1994 አንድ የሙዚቃ ሲዲ በ12 ዶላር ከ48 ሳንቲም በኮምፒዩተር ተሸጠ፤ የገዢው የክሬዲት ካርድ ቍጥር በምስጢር ጽሕፈት ተጠብቆ ስለ ተላለፈ ብዙዎች የመጀመሪያው አስተማማኝ የኢንተርኔት ሽያጭ አድርገው ይቈጥሩታል። በዚህ ጊዜ የተለወጠውን ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በድሮው ክበብ አባሉ ካርዱን መመለስ ቢረሳም የመጨረሻ በር ነበረው፤ ሒሳቡ ሲመጣ ገንዘቡን በፖስታ የሚያስገባው በገዛ እጁ ነው። የካርዱ ቍጥር በሻጩ ዘንድ ተመዝግቦ ከተቀመጠ በኋላ ግን ይህ በር ተዘጋ። ቀድሞ ዝምታ ዕዳ ያመጣ ነበር፤ አሁን ዝምታ ራሱ የሚከፍል ሆነ።

በ2009 የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ የመረመረው ጕዳይ ይህን ያሳያል። አንድ ሰው በታወቀ ሱቅ ዕቃ ገዝቶ ሲጨርስ፥ የዋጋ ቅናሽ ወይም ተመላሽ ገንዘብ ታገኛለህ የሚል ሌላ ገጽ ይወጣለታል። የዚያው ሱቅ ስለሚመስለው አድራሻውን ጽፎ ይጫናል። እውነቱ ግን ለሌላ ኩባንያ አባል ሆኗል፤ ሱቁም የካርዱን ቍጥር ለዚያ ኩባንያ አሳልፎ ሰጥቶታል፤ በየወሩም ገንዘብ ይቈረጥበታል። በኮሚቴው ሪፖርት መሠረት በዚህ መንገድ ከሸማቾች የተሰበሰበው ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በታኅሣሥ 2010 የወጣው ሕግ የካርድ ቍጥር እንዲህ ከሻጭ ወደ ሻጭ እንዳይተላለፍ ከለከለ፤ መውጫውም ቀላል እንዲሆን አዘዘ። በዚሁ ዓመት ሃሪ ብሪግነል የተባለ የእንግሊዝ የንድፍ ባለሙያ ሰውን ሳያስበው የሚያስፈርሙትን እንዲህ ያሉ ገጾች የጨለማ ንድፍ ሲል ስም አወጣላቸው።

ሕጉ ከወጣ በኋላም መውጫው አልቀለለም። የንግድ ኮሚሽኑ በሰኔ 2023 አማዞን የተባለውን ታላቅ ኩባንያ ከሰሰ። በክሱ እንደ ተጻፈው ለአባልነት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መጫን ሲበቃ፥ ለመውጣት ግን አራት ገጽ፥ ስድስት ጊዜ መጫንና ዐሥራ አምስት ምርጫ ነበረበት። በኩባንያው ውስጥ ይህ የመውጫ መንገድ ኢልያድ ይባል ነበር። የሆሜርን መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ስለ ረጅሙ የትሮይ ጦርነት እንደሚተርክ ያውቃልና ስሙን ያወጣው ሰው ቀልዱን ዐውቆ ነው ማለት ይቻላል። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በመስከረም 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ፤ ከዚህ 1 ቢሊዮኑ ቅጣት፥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። በአንጻሩ ኮሚሽኑ እንደ መግቢያው መውጫውም ቀላል ይሁን ብሎ በ2024 ያወጣውን አዲስ ደንብ፥ የይግባኝ ፍርድ ቤት አወጣጡ ሥርዐት አልጠበቀም ሲል በሐምሌ 2025 ሻረው። ጀርመኖች በዚህ በኩል ቀድመዋል። ከ2012 ጀምሮ የመግዣው ቍልፍ ላይ ገንዘብ እንደሚያስከፍል በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ውል ማፍረሻ ቍልፍ በገጹ ላይ መኖር ግዴታ ሆኗል።

ስለ ሐሰተኛ ሱቆች ብዙ መናገር አያሻም፤ የቴምብሩ ነጋዴ ልጆች ናቸው። ከዋጋው በጣም የወረደ ዕቃ፥ ሊያልቅ ነው ብሎ የሚያጣድፍ ሰዓት፥ የማይገኝ አድራሻ፥ አንዴ ከተላከ በማይመለስ መንገድ ብቻ ክፈል የሚል ትእዛዝ፥ እነዚህ ሁሉ አሮጌ ምልክቶች ናቸው። አዲሱና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የቍልፉ ሥዕል ነው። በገጹ አድራሻ አጠገብ የሚታየው ትንሽ ቍልፍ የሚመሰክረው መልእክቱ በመንገድ ላይ እንደማይነበብ ብቻ ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ የተቀመጠው ሰው ሐቀኛ መሆኑን አይነግረንም። ሌባም ቍልፍ ይገዛል። ለነፃ ሙከራ የካርድ ቍጥር የሚጠይቅ ገጽ ሲያጋጥም፥ ሙከራው የሚያልቅበትን ቀንና ከዚያ በኋላ የሚቈረጠውን ገንዘብ ማንበብ፥ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ካለም ምልክቱን ማንሣት ይገባል።

በአገራችን ክሬዲት ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ወጥመዱ ሌላ መልክ ይዟል። በግንቦት 2021 ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ተለመደ፤ በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጠውም በዛ። የሐሰተኛው ሻጭ ዋና መሣሪያ ቀብድ ነው፤ ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ ስልኩ አይመልስም። ስለዚህ ዕቃው ሲደርስ እከፍላለሁ ማለት ከቀድሞው ገበያ የቀረ ጥሩ ልማድ ነው። ሐሰተኛ ገዢም አለ፤ የተከፈለ የሚመስል ደረሰኝ በሥዕል አዘጋጅቶ ያሳያል፤ ሻጩ የሚያምነው ሥዕሉን ሳይሆን የራሱን ሒሳብ አይቶ መሆን አለበት። ከሁሉ ይልቅ ግን የወሩን መጽሐፍ ክበብ የሚመስለው በአጭር ቍጥር የሚመጣው የመልእክት አገልግሎት ነው። አንድ ጊዜ ሳያስቡ አንድ ፊደል የላኩ እናት፥ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ የሞሉት የስልክ ሒሳብ በየቀኑ ሲቀንስ ያያሉ። መውጫው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ አቁም የሚል ቃል መላክ ነው፤ መልእክቱን የማያነቡ ሰው ይህን ከየት ያውቁታል?

ሕጉ አልጐደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205 በ2012 በእኛ አቈጣጠር ወጥቷል። ከዚያ በፊትም በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል አይቈጠርም ይላል፤ ቀድሞ የንግድ ግንኙነት ላላቸውና ለጥቂት ሌሎች ጕዳዮች ግን የተለየ ሥርዐት አለው። የእንግሊዙ አጎት ደብዳቤውን ለወንድሙ ልጅ በአዲስ አበባ ቢልክለት ኖሮ እዚህም ፈረሱን ባላገኘ ነበር። ፈረስ ግን ውድ ነው፤ ለፈረስ ሰው ይሟገታል። በቀን አንድና ሁለት ብር ለሚቈረጥባቸው እናት ዳኛ ፊት የሚቆም እስካሁን አላየሁም፤ በእኛም ቤት ሆነ በጎረቤት መልእክቱን አንብቦ የማቆሚያውን ቃል የሚልክላቸው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የሚውለው ልጃቸው ነው።