ድርና ማግ

አብርሃ ጅራ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን ሰሊጥ ነው፡፡ ምዕራብ አርማጭሆ ግን የጥጥም አገር ነው፤ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በእጃቸው ይለቅሙታል፡፡ ጥጥ ተፈትሎ ሸማኔ ዘንድ ሲደርስ ሁለት ስም ያገኛል፤ ድርና ማግ፡፡

እኛ የከተማ ልጆች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል የሸረሪት ድር ነው የሚመጣልን፡፡ ለሸማኔ ግን ድር ማለት በቁመት የሚወጠረው ክር ነው፡፡ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ እየተመላለሰ ድሩን በአግድም የሚያያይዘው ነው፡፡ ማግ ካልገባበት ድር ቢያብርም ጨርቅ አይሆንም፡፡

ዱሮ ሁለቱም ከሴቶች እንዝርት ይወጡ ነበር፡፡ የውጭ ክር ሲገባ፣ በኋላም በ1950ዎቹ በጣልያን የጦር ካሳ እንደተተከለው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ያሉ ፋብሪካዎች ሲከፈቱ፣ ድሩ ወደ ማሽን ሄደ፡፡ ምክንያት አለው፤ ድር ሲወጠርና ሲፋተግ ስለሚውል እኩል የተፈተለ ጠንካራ ክር ይፈልጋል፡፡ ማግ ግን ልስላሴና ሙቀት ሰጪ ነውና በደህና ጋቢ ላይ ዛሬም የእጅ ፈትል ነው፡፡

ገበያ ወጥተን ሸማኔውን እናደንቃለን፤ ፈታይዋን ግን የሚያነሳት የለም፡፡ ማጉም ወደ ማሽን ከሄደ የእሷ ገቢ አብሮ ይሄዳል፡፡ እናም ለበዓል ነጠላ ስንገዛ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «ማጉ የእጅ ፈትል ነው?»