ዐፄ ቴዎድሮስና የንግሥት ቪክቶሪያ ሽጉጦች

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አሟሟት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም ብንል ከእውነት አንርቅም። ተማሪው በትምህርት ቤት፥ ገበሬው ከአያቱ አፍ፥ ንጉሡ በመቅደላ አምባ ላይ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሽጉጣቸውን መጠጣትን እንደ መረጡ ሰምቷል። ነገር ግን ያ ሽጉጥ ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንደ ሰጠውና ስለ ምን እንደ ተሰጠ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የንጉሡን ሙሉ ታሪክ ለታሪክ ጸሐፊዎች ትተን፥ በዚህ አጭር ጽሑፍ የመሣሪያውን መንገድ ብቻ ለመከተል አስበናል።

ነገሩ የሚጀምረው በአንድ ሰው ሞት ነው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን በአገራችን ብዙ ዓመት ኖሮ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር በወዳጅነት የቆየ ሰው ነበረ። በ1852 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ለመሄድ ሲነሣ፥ በጎንደር አቅራቢያ የሸፈተው የጋረድ ሰዎች አቁስለው ያዙት። ገንዘብ ተከፍሎለት ቢለቀቅም ከቁስሉ ሳይድን ሞተ። ንጉሡም በወዳጃቸው ሞት እጅግ አዝነው በጋረድና በተከታዮቹ ላይ ዘምተው ደሙን ተበቀሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ይህን በሰማ ጊዜ ለተደረገው ቸርነት ምስጋና ማቅረብ ይገባል ብሎ፥ በፕላውደን ምትክ በተሾመው በካፒቴን ካሜሮን እጅ አንድ ጠበንጃና ሁለት ሽጉጦች በንግሥት ቪክቶሪያ ስም ላከ። ስጦታው ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለ ተደረገው ደግነት የቀረበ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ በብር ላይ ተቀርጾበት ነበር። ካሜሮንም በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንጉሡ አስረከበ።

ሽጉጦቹ ባለ ተሽከርካሪ ጎራሽ ነበሩ። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት በ1828 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ዓይነት መሣሪያ በዓለም ላይ መሰራጨት ጀምሮ ነበር። አንድ ጊዜ ተኩሶ ባሩድና እርሳስ እስኪጨምርበት ድረስ ባላጋራውን «ቆመህ ጠብቀኝ» ለማለት ለተገደደው የዚያ ዘመን ነፍጠኛ፥ እጁን ከምላጩ ሳያነሣ ደጋግሞ የሚተኩስ መሣሪያ ተአምር ይመስል ነበር። መቼም ሕዝባችን ለመሣሪያ ስም ሲያወጣ ምሬቱን አይደብቅም፤ ያንን ዘገምተኛ ጠበንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ የጠራው ራሱ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የነበረው ተሽከርካሪ ሽጉጥ እንደ ዛሬው ባለ ቀለህ ጥይት የሚጎርስ አልነበረም። በየጎራሹ ባሩዱ ተለክቶ ይጨመራል፤ በላዩ የእርሳሱ ድቡልቡል ተጠቅጥቆ ይገባል፤ ከኋላም በእያንዳንዱ ጎራሽ ላይ የሚነድ ቅመም ያለባት እንደ ቆብ ያለች ትንሽ መዳብ ትደረጋለች። መዶሻው ያችን መዳብ ሲመታት እሳት ትፈጥራለች። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ብዙ ደቂቃ ያልፋል። ከተኮሰም በኋላ ሥራው አያልቅም። ጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ይተዋል፤ ጥቀርሻውም ከአየሩ እርጥበት እየሳበ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ ሽጉጡ ተፈታትቶ በሙቅ ውኃ መታጠብ፥ በደንብ መድረቅ፥ በዘይት ወይም በስብ መወልወል ነበረበት። በክረምት በጣና ዳር የኖረ ሰው ብረት በዚህ አገር እንዴት እንደሚዝግ ሳንነግረው ያውቃል። በጎጃምና በጎንደር ገጠር መሣሪያ ያለው ሰው ራሱ የተቀደደ ለብሶ ለጠበንጃው ማወልወያ ጥሩ ጨርቅ ሲመርጥ ብናይ፥ ሰውየው ከንቱ ነው ብለን መሳቅ አይገባንም።

ነገር ግን መወልወል የሚያድነው ብረቱን ነው። የመዳቧ ቆብ ያለቀችበት ሰው ሽጉጡን ምንም ያህል ቢያሳምረው በእጁ የያዘው ቁራጭ ብረት ነው። ያችን ቆብ የሚሠራ ባለሙያ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ አልነበረም። ከባሕር ማዶ የሚመጣውም በምጽዋ በኩል ነበር፤ ምጽዋም በቱርኮች እጅ ነበረች። እንግዲህ የንግሥቲቱ ስጦታ ምንም ያህል በብር ቢያጌጥ፥ ዕድሜው በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ከዘመናቸው ሰዎች ሁሉ አብልጠው የተረዱ ይመስለናል።

ንጉሡ ለስጦታው በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፤ ንጉሡ ተንቄአለሁ ብለው ካሜሮንን በ1856 ዓ.ም. አሰሩት፤ የመልሱ ደብዳቤም በሆርሙዝ ራሳም እጅ የደረሰው በ1858 ዓ.ም. ነው።

አሁን ታሪኩ ወደ እኛ አገር ይመጣል። በባሕር ዳር በሹም አቦ የምንኖር ሰዎች ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን ወደ ሰሜን ምዕራብ ብንመለከት የዘጌ ደን ከውኃው ማዶ ይታየናል። በዚያ ዓመት ንጉሡ ሠራዊታቸውን በዘጌ አስፍረው ነበር፤ ራሳምና ጓደኞቹ ደግሞ ከሐይቁ በስተምሥራቅ በቆራጣ ተቀምጠው ነበር። ከራሳም ጋር የመጣው ሐኪም ብላንክ በጻፈው መጽሐፍ ንጉሡ አለባበሳቸው ተራ እንደ ነበረ፥ ጦር በእጃቸው ይዘው ሽጉጦች በመታጠቂያቸው ሻጥ አድርገው እንደሚታዩ ይተርካል። እስረኞቹ ከመቅደላ ተፈትተው በመጋቢት ወር ቆራጣ ገቡ፤ ሁሉም ወደ አገራቸው ሊሄዱ ነው ተባለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1858 ዓ.ም. ግን ራሳምና ባልንጀሮቹ ንጉሡን ሊሰናበቱ በደንገል ታንኳ ወደ ዘጌ በተሻገሩ ጊዜ ተያዙ፤ የተፈቱትም እስረኞች በመንገድ ላይ እንዳሉ እንደገና ተያዙ።

ስለ ምን ተያዙ? ንጉሡ በዚያው ሰሞን ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ሚስቱን በኢትዮጵያ አስቀርተው ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት። የላኩት ሌላ ሽጉጥ እንዲያመጣ አልነበረም። የእጅ ሥራ የሚያውቁ ባለሙያዎችና መሣሪያ መሥሪያ መኪናዎች ይላኩልኝ ብለው ነበር። ዐሥር ዓመት ሙሉ ጠበንጃ ሲገዙ፥ ሲማርኩና ሲቀበሉ የኖሩት ንጉሥ በዘጌ የለመኑት ጠበንጃ የሚሠራውን እጅ ነው።

እኛ እዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን ሳንነቅፍ ማለፍ አንችልም። እንግዳን አስሮ ሙያ መለመን ለልመናውም ለለማኙም ክብር አይሰጥም፤ የተፈራውም ደረሰ። ባለሙያዎቹ ተቀጥረው በ1859 ዓ.ም. ምጽዋ ድረስ መጡ። ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹ ሳይለቀቁ አንዱም ወደ ውስጥ አይገባም ብሎ ከለከለ፤ ንጉሡም ባለሙያዎቹ ሳይገቡ እስረኞቹን አልለቅም አሉ። ሰዎቹ በምጽዋ ሙቀት ጥቂት ጊዜ ጠብቀው ተመለሱ። ሽጉጥን በብር ጽሕፈት አስጊጦ የላከው መንግሥት ሽጉጥ መሥሪያውን ሊልክ በተጠየቀ ጊዜ ዋስትና ጠየቀ፤ ይህም ከእስረኞቹ ነገር የተነሣ ቢሆንም፥ እስረኞች ባይኖሩስ ይልክ ነበርን ብለን እንጠይቃለን።

ንጉሡ ግን አልጠበቁም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ ዋልድማየርንና ሌሎቹን የወንጌል ሰባኪዎች መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ። እነርሱም መድፍ ሠርተን አናውቅም እያሉ፥ እየሳቱና እንደገና እየጀመሩ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን አወጡ፤ ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ተራራ እየተናደ መንገድ እየተሠራ፥ ሠራዊቱ በጠፍር እየሳበ ለብዙ ወራት ተጓዘ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ላይ የተገናኙት ሁለት ሠራዊት ብቻ አልነበሩም፤ ሁለት ዓይነት የጠበንጃ ዘመን ነበሩ። የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ነበር፤ ሕዝባችን ኋላ «ሰናድር» ያለው ይህንኑ ነው። የንጉሡ ሠራዊት አብዛኛው የያዘው በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠበንጃና ጦር ነበር። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲሞቱ፥ ከእንግሊዞች የቆሰሉት 20 ያህል ነበሩ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ሞቱ። በዋዜማው ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን በገደል አስጥለው ነበር፤ ንጉሡን የምንወድ ሰዎች ይህን ነገር አሳጥረን ልናልፈው አይገባም።

ቅዳሜ ዕለት ንጉሡ ሽጉጣቸውን ወደ አፋቸው ሲያዞሩ መኳንንቱ እጃቸውን ይዘው እንደ ከለከሏቸው፥ ጥይቱም ወደ ጎን እንደ ሄደ ተጽፏል። አውሮፓውያኑን እስረኞች ቢለቁም ጄኔራል ናፒየር እርሳቸው ራሳቸው እጃቸውን እንዲሰጡ ጠየቀ። የትንሣኤ ማግስት፥ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፥ እንግሊዞች የአምባውን በር ሰብረው ሲገቡ ንጉሡ ተከታዮቻቸውን አሰናብተው ከጥቂቶች ጋር ቀርተው ነበር። ራሳምን በዘጌ ካስያዙበት ቀን ሁለት ዓመት ሙሉ ሆኖ ነበር። ወደ አፋቸው የተኮሱት ንግሥቲቱ ከላከችላቸው ሽጉጦች በአንዱ ነው። በሩን አልፈው ቀድመው የደረሱት ወታደሮች ሬሳውን የማን እንደ ሆነ አላወቁም፤ ከስጦታው መሣሪያ ላይ ያለውን ብር አገላብጠው ሲያዩ የገዛ ንግሥታቸውን ስም አነበቡ።