ካናና እንሰት፤ የሁለት የጓሮ ተክሎች ታሪክ በጎጃም

በጎጃም ከተሞች በቤት ደጃፍ የምትተከለው ካና፥ ሰፊ ቅጠሏ እንሰትን ስለሚመስል፥ ከጥንት ጀምሮ የአገሩ ተወላጅ ትመስላለች። የሁለቱ ታሪክ ግን የተለያየ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፥ ከጓሮ ተክል ተነሥቶ ያለፈውን ዘመን የሚመረምር ሰው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ማሳየት ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካና የትውልድ አገር ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። ሊኔዎስ በ1753 «ካና ኢንዲካ» ብሎ ቢሰይማትም፥ በዚያ ዘመን የሕንድ ስም ለአሜሪካ ደሴቶችም ይሰጥ ስለ ነበር፥ ስሟ ከሕንድ መምጣቷን አያስረዳም። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ሥሯን አብስለው ይመገባሉ። አውሮፓውያን ግን በተለይ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ዝርያዎቿን እያዳቀሉ አበባዋን አገነኑት፤ በእኛም ደጃፍ የምትታወቀው በአበባነቷ ነው።

ስለ እንሰት የሚነገረው ሌላ ነው። በ1770 የጢስ ዓባይን ፏፏቴና የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፥ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፥ በሜጫ ሰፊ የእንሰት ተክል እንደ ነበረና በዚያ ለሚኖሩት ኦሮሞዎች ብቸኛ ምግብ ሊባል ጥቂት እንደ ቀረው ጽፏል። ከእርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በዳሞት የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦም እንሰትን የረኃብ መከላከያ ዛፍ አድርጎ ገልጾታል። ዛሬ ምዕራብ ጎጃም የሚታወቀው በጤፍና በበቆሎ ነው፤ በጓሮ የተረፈው ኮባ ይበልጡን የሚፈለገው ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያ ስለሚሆን ነው።

አተካከላቸውም ልዩነቱን ያስረዳል። ካናን ለማሳደግ፥ ቡቃያ ያለውን የሥሯን ቁራጭ በክረምት መግቢያ ፀሐይ በሚያገኝ፥ ፍግ በተጨመረበት እርጥብ መሬት መቅበር ይበቃል። በጥቂት ወራት ታብባለች፤ ያበበው ግንድ ሲቆረጥም ሌላው ከሥር ይተካል። እንሰት ግን ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ አንድ ጊዜም አብቦ ይሞታል። እንግዲህ እንሰትን ለምግብ የሚተክል ሰው በቦታው ለመቆየት ያሰበ ሰው ነው።

በአንዲስ ምግብ የሆነችው ካና በእኛ ዘንድ ጌጥ ሆነች፤ በሜጫ ምግብ የነበረው እንሰትም ወደ ቅጠልነት ዞረ። ስለሆነም ተመራማሪው ምን እንደ ተተከለ ብቻ ሳይሆን ለምን ጥቅም እንደ ተተከለ ይጠይቅ፤ ይህንንም የየጓሮውን ተክል ስምና ጥቅም የሚያውቁት ባልቴቶች ሳያልፉ ሊያደርገው ይገባል።