የጭቃው ቤተ መንግሥትና የእኔ ፊኒሺንግ

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን «መምህር፣ ቤቱ አለቀ ወይ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። አላለቀም። ለምን እንዳላለቀ ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ እንጦጦ መውጣት አለብኝ (የታሪክ መምህር ምን ያድርግ!)።

እንጦጦ ማርያም ግቢ የገባችሁ የአፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት አይታችኋል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው ማርያም ነው። ቤቱ ግን እንጨትና ጭቃ ነው፤ ላዩ ኖራ። ተማሪ ይዤ ስሄድ «ይሄ ነው እንዴ ቤተ መንግሥቱ?» የማይለኝ አልነበረም። አዎ፣ ይሄ ነው፤ እየታደሰ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ጭቃ ቤት የሠራ ያውቃል። ማገሩ ከተመታ በኋላ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በእግር እየተረገጠ ቀናት ይቆያል። ከዚያ ምርጊት። ምርጊቱ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ እርጥበቱ ወጣ ማለት ነው እንጂ ጥፋት አይደለም። ስንጥቁን ልስኑ ይሞላዋል። ልስኑም ሲደርቅ ነው ኖራ የሚቀባው። ስለዚህ ሥራው የበጋ ሥራ ነው። የእንጦጦን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እቴጌ ጣይቱን ወደ ፍል ውሃ ካወረዷቸው ነገሮች አንዱ ብርዱ ነው፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. እንዲያ ተቆረቆረች።

ቃላቱን ተመልከቱልኝ። መጀመሪያ ምርጊት፣ ልስን፣ ኖራ አልን። ከዚያ ጣሊያንኛው መጣ፦ ስቱኮ፣ ሊሾ፣ ዞኮሎ፣ ኮርኒስ። (አቡጀዲ ወጥረን ኖራ የቀባነውንም ኮርኒስ ነው ያልነው!) አሁን እንግሊዝኛው ተራውን ይዟል፦ ፊኒሺንግ፣ ጂፕሰም፣ ሴራሚክ። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው የመብራትና የውሃ መስመር ከልስን በፊት፣ ኮርኒሱ ከወለሉ በፊት፣ ቀለሙ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ።

ይሄን ሁሉ ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ ምን አደረግሁ? የካ፣ ከተራራው ሥር፣ በሐምሌ ዝናብ አስለስኜ በሁለት ሳምንት ስቱኮና ቀለም አስቀባሁ። የሲሚንቶ ልስን በደህና አየር እንኳ ቢያንስ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ቀለም ቀቢው «መምህር፣ ግድግዳው ገና ነው» ብሎኝ ነበር። ኪራዩ አንገቴን ይዞኛል፣ «ግዴለም፣ ቀጥል» አልኩት። መስከረም ላይ የሳሎኑ ቀለም እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር። በዚያ ላይ የምጣዱን መስመር ረስቼው ኖሯል፤ ወፍራም ሽቦ፣ ለብቻው መስመር ይፈልጋል። ትዝ ያለኝ ሴራሚኩ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ነው። ተፈለጠ፣ ሌላ ሴራሚክ ተገዛ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ዝም ማለቷ ነው የከፋው።

አሁን ሳሎኑን አስፍቄ፣ መስኮቱን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ቀለም ቀቢው ኅዳር ላይ ይመለሳል። እስከዚያ የምትመጡ ሰዎች፣ ቡናው በረንዳ ላይ ነው፤ ጋቢ ይዛችሁ ኑ።