የጋይንት ቁልቁለትና የረጠበ ፍሬን

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በመንኰራኵር ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፥ መንገድ እያስጠረጉ በጋይንት ምድር አለፉ፤ በቁልቁለቱም ያን ክብደት ከኋላ በጠፍር የሚገታው የሠራዊቱ ክንድ ነበር። ይህ ድካም እኔን ከጦርነቱ ዝና ይልቅ እጅግ ያስደንቀኛል።

ኋላ ቻይናውያን ከወረታ ወልድያ የሚያደርሰውን መንገድ ሲሠሩ፥ መንገዱ በዚያው በጋይንት፥ በንፋስ መውጫ በኩል አለፈ፤ በቁልቁለቱም ክብደትን የመግታት ሥራ ከክንድ ወደ መኪና ፍሬን ተሻገረ። ከዚያ ወደ ደቡብ፥ ወደ አርብ ገበያ የሚያቀና ሹፌር ግን በክረምት የተኛ ውኃ ይጠብቀዋል፤ በውኃ የራሰ የፍሬን ሸራ ከጐማው ጋር ከሚዞረው ታምቡር ጋር ያለው ሰበቃ ስለሚደክም፥ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው ፈጥኖ አይቆምም። ስለዚህ ጥልቀቱን አስቀድሞ መርምሮ፥ በከባድ ማርሽ በዝግታ ተሻግሮ፥ ከወጣም በኋላ ሸራው በሰበቃው ሙቀት እስኪደርቅ ፍሬኑን በቀስታ ደጋግሞ ሳይረግጥ፥ ቁልቁለቱን መጀመር አይገባውም።